በሰው ጽሑፍ ላይ ብዕር ስታነሳ

ከደሴ የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በየሦስት ወሩ የምናወጣት አንዲት መጽሔት አለችን። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም። ጽሑፍ የሚልኩልን ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም ናቸው። አዘጋጅ እንድሆን የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዕትም አንድ ልጅ ስለ ከተማችን አሮጌ ቤቶች የአስተያየት ጽሑፍ ላከልን። ጉልበት ያለው ጽሑፍ ነው፤ ግን ሦስት ቦታ ላይ ነካሁት። እሱ ‹አሮጌ ቤት ቅርስ አይደለም› ያለውን ‹አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ አይደለም› አልኩት። አይጠየፍ አዳራሽን ጣሊያን ሠራው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ንጉሥ ሚካኤል ብዬ አረምኩት። አንድ የመሬት ጉዳይ ሠራተኛ ጉዳይ ለማስፈጸም ገንዘብ ይቀበላል የሚል አንቀጽም ነበረው። ስሙን አልጠራም፤ ግን ሰፈሩንና የሥራ መደቡን ስለጠቀሰ ሰውየውን የማያውቀው የለም። ያንን ሰረዝኩት። ርዕሱንም ቀይሬዋለሁ፤ የእሱ ‹ይፍረሱ› ነበር፣ እኔ ‹የአሮጌ ቤቶች ጉዳይ› አልኩት። ማተሚያ ቤት የምንገባበት ቀን ደርሶ ስለነበር ምንም አላሳየሁትም።

መጽሔቷ ስትወጣ ልጁ በጣም ተቆጣ። ‹ሳንሱር አደረግከኝ፣ ያላልኩትን አስባልከኝ› አለ። አሁን ጽሑፉ እንደነበረ ከነአንቀጹ ተመልሶ ይውጣ ይላል። ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ ‹አስተያየት እስከሆነ ድረስ ነጠላ ሰረዝ እንኳ መንካት የለብህም› ይላል። ገሚሱ ‹አዘጋጅ ነህ፣ እንደመሰለህ ቁረጥ› ይላል። የማተሚያ ወጪ የሚደግፉን አንድ ነጋዴ ደግሞ አሮጌ ቤት አላቸው፤ ‹ይሄን ጽሑፍ ማን ፈቀደ?› ብለው አስጠሩኝ። ግራ ገባኝ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ይሄ ጠብ እናንተ ጋ ብቻ የተነሳ አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር አብረው ማተም ሲጀምሩ ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ሦስቱን እርማቶች እንደ አንድ ነገር ቆጥረሃቸዋል። ልጁም እንደ አንድ ነገር ቆጥሯቸዋል። ጠቡ የከረረው በዚህ ይመስለኛል። እኔ ለየብቻ ነው የማያቸው፤ ከትንሿ ልጀምር፤ በኔ ዓይን ትልቋ እሷ ናትና።

«ሁሉ» የምትለው ቃል ሁለት ፊደል ናት። አንተም «ሐሳቡን ለዘብ ያደረግሁለት መስሎኝ ነው» ብለህ በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ጽፈሃል። ግን እስቲ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። «አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ አይደለም» በሚለው ደሴ ውስጥ የማይስማማ ሰው አይገኝም። የቅርስ ባለሙያውም ይለዋል፣ ከንቲባውም ይለዋል፣ አንተም ትለዋለህ። የልጁ ዓረፍተ ነገር ግን ጠብ ያለበት ነው። አንድ ቤት ስላረጀ ብቻ ምንም ክብር አይገባውም ነው የሚለው። ቀጥሎም ምክንያቱን ያስረዳል፤ የላክልኝን ሙሉ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ቅርስ ውስጥ ነው የምኖረው ብሎ አይጽናናም ይላል። ቅርስ ቅርስ የሚለው አብዛኛው ሰው ቤቱን ከውጭ የሚያየው ነው ይላል። እኔ በሐሳቡ አልስማማም። አሮጌ ቤት ቢጠገን ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም እንዲህ ብሎ በግልጽ የሚከራከር ሰው በማግኘታችሁ ደስ ሊላችሁ ይገባ ነበር።

አንተ «ሁሉ»ን ስትጨምርበት ክርክሩ ጠፋ። ከሱ በኋላ የሚመጡት አንቀጾች በሙሉ ማንም ላልተቃወመው ነገር መልስ የሚሰጡ መሰሉ። አንባቢ «ይሄ ልጅ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» ብሎ ያስባል። ጸሐፊው ደካማ ሆኖ የታየው ባልጻፈው ቃል ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከላይ የሰፈረው ስም የሱ ነው። ሸዋ በር ላይ የሚያገኘው ጓደኛው «እንዲህ ብለሃል አይደል?» የሚለው እሱን ነው፤ አንተን አይጠይቅህም።

የኔ አቋም ይሄ ነው። አዘጋጅ አንድን የአስተያየት ጽሑፍ «አናወጣም» የማለት ሙሉ መብት አለው። ጸሐፊው ያላለውን በጸሐፊው ስም የማውጣት መብት ግን የለውም፤ ግማሽም ሩብም የለውም። በመካከላቸው ያለው ሰፊ ሜዳ ደግሞ የንግግር ነው። «ይሄ አልገባኝም»፣ «ይሄን ከየት አመጣኸው?»፣ «ይሄ አንቀጽ ቢያጥር ይሻላል» እየተባባሉ መሥራት። የአርታዒ ሥራ በአብዛኛው እዚያ ሜዳ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የምንለምደውን አንድ ነገር ላንሳ። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች የላካቸውን ሰው ቃል አሳምረው ያቀርባሉ። ያጎደለውን አክብሮት ይጨምራሉ፣ ሻካራውን ያለሰልሳሉ። የተላኩበትን ጉዳይ ግን አይቀይሩም። ታላቋን ጠይቁልኝ ተብለው ሄደው ታናሺቱን ጠይቀው አይመጡም። ነገሩ ካልተስማማቸው መጀመሪያውኑ «እኛ አንሄድም» ይላሉ።

ሕጉም ቢሆን ከጸሐፊው ጎን የሚቆምበት ቦታ አለው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ የሞራል መብት የሚባል ይሰጠዋል። ይሄ መብት ከገንዘቡ የተለየ ነው። ልጁ ጽሑፉን በነፃ ቢሰጣችሁም፣ የማሳተም መብቱን ቢለቅላችሁም የሞራል መብቱ አብሮት ይኖራል። በስሙ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል። ስሙ እንዳይገለጽ ወይም በብዕር ስም እንዲወጣም መጠየቅ ይችላል። ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መንገድ ሥራው ሲቆረጥ ወይም ሲለወጥ መቃወምም ይችላል። ይሄን የምነግርህ ፍርድ ቤት ትቆማለህ ብዬ ላስፈራራህ አይደለም። «አዘጋጅ ነህ፣ እንደመሰለህ ቁረጥ» የሚሉህ ጓደኞችህ ያልተሰጠህን ሥልጣን እየሰጡህ መሆኑን እንድታውቅ ነው።

«ሳንሱር አደረግከኝ» የሚለው ክስ ግን ልክ አይደለም። ልጁ ወጣት ነው፤ የቃሉን ክብደት ላያውቀው ይችላል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት መርማሪ ፊት ይቀርብ ነበር። መርማሪው የመንግሥት ሰው ነው። የሰረዘው ተሰርዟል፤ ሌላ መጽሔት ላይ ላውጣው ብትል እዚያም ያው መርማሪ ይጠብቅሃል። ይሄን ቅድመ ምርመራ የከለከለው የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ፣ ቁጥር 34/1985 ነው። ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 አጸናው። ያ ክልከላ የተጻፈው መንግሥትን ለማገድ ነው። አንዲት በጓደኛሞች የምትዘጋጅ መጽሔት አንድን ጽሑፍ አላወጣም ብትል ጸሐፊው ሌላ ቦታ ከማውጣት የሚከለክለው የለም። ይሄው አንቀጽ 29 ፕሬስ በአሠራሩ ነፃ እንዲሆንና የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል የሕግ ጥበቃ ይደረግለታል ይላል። ነፃነቱ የጸሐፊም የአዘጋጅም ነው ማለት ነው። የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ የሚለውን ግን ልብ በልልኝ። የምትወደውን አስተያየት ብቻ ለማውጣት መጽሔት አያስፈልግህም ነበር።

ስለዚህ ልጁን «ሳንሱር አይደለም» ብለህ ልታርመው ትችላለህ። «ያላልኩትን አስባልከኝ» ላለህ ግን መልስ የለህም፤ እውነቱን ነው።

ወደ አይጠየፍ ልምጣ። እዚህ ላይ እርማቱ ትክክል ነው። አዳራሹን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ጣሊያን ደሴን የያዘው በ1928 ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ ሰገሌ ላይ የተሸነፉት በ1909። አዳራሹ ጣሊያን ሳይመጣ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነበር። ስሙ ራሱ ሰው የማይጠየፍበት፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል የሚገባበት የግብር ቤት እንደነበር ይናገራል። ደሴ ላይ በምትታተም መጽሔት እንዲህ ያለ ስህተት ቢወጣ፣ ሰው ገና ሁለተኛውን አንቀጽ ሳይጨርስ ጽሑፉን ያስቀምጠዋል። ልጁን ከዚያ አድነኸዋል።

አስተያየት ማለት የፈለጉትን መረጃ መጻፍ ማለት አይደለም። ይሄን ለእነዚያ «ነጠላ ሰረዝ አትንካ» ለሚሉት ጓደኞችህ ንገራቸው። ዓመተ ምሕረት፣ ስም፣ ቁጥር፣ ማን ምን ሠራ የሚለው ሁሉ ይጣራል። ጸሐፊው «ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ አለበት። ካልመለሰ ያ ዓረፍተ ነገር ይወጣል ወይም ይስተካከላል። ከመረጃው ተነስቶ የሚደርስበት ፍርድ ግን የራሱ ነው። ጣሊያን አልሠራውም ተብሎ ከታረመ በኋላም «እሱም ቢሆን ይፍረስ» ማለት ከፈለገ ይበል። እኔ ያንን ሳነብ ያመኛል፤ ግን ይበል።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል። እርማቱን ለልጁ ልትነግረው ይገባ ነበር። ስህተቱን ከታተመ መጽሔት ላይ ከሚያየው በስልክ ቢሰማው ይቀለዋል። ምናልባት ክርክሩ የተመሠረተው በዚያ ስህተት ላይ ሊሆንም ይችላል። የጣሊያን ቅሪት ስለሆነ አያስፈልግም የሚል ከሆነ፣ መረጃው ሲስተካከል አንቀጹ በሙሉ እንደገና መጻፍ አለበት። ያንን የሚጽፈው ደግሞ እሱ ነው።

ሦስተኛው እርማት ላይ፣ ስለ መሬት ጉዳይ ሠራተኛው የሚለውን አንቀጽ በመሰረዝህ፣ ካንተ ጋር ነኝ። በጥብቅ ካንተ ጋር ነኝ። «መሬት ጉዳይ ሄጄ ስንት ቀን ተመላለስኩ፣ ጉዳዬን የሚሰማ አጣሁ» ቢል የራሱ ገጠመኝ ነው። «አሠራሩ ለጉቦ በር ይከፍታል» ቢል አስተያየት ነው። «በእንዲህ ያለ ሰፈር፣ በእንዲህ ያለ መደብ ላይ ያለው ሰው ገንዘብ ይቀበላል» ሲል ግን ስለ አንድ ሰው የወንጀል ክስ እየመሠረተ ነው። ስም አለመጥራቱ አያድነውም። ደሴ ውስጥ ሰፈርና የሥራ መደብ ከተነገረ ስም የተነገረ ያህል ነው፤ ሰውየው ልጆች አሉት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ማስረጃ ይኖራል። ከዚያ ደግሞ ሰውየው ተጠይቆ መልሱ አብሮ መውጣት አለበት። ያ የዘገባ ሥራ ነው፤ አንድ አንቀጽ ውስጥ በጎን ተጠቅሶ የሚታለፍ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱም ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል በዚያው አንቀጽ 29 ላይ ይናገራል። ብዙ መጽሔትና ጋዜጣ ከአስተያየት ጽሑፍ ግርጌ «ጽሑፉ የጸሐፊውን አመለካከት ብቻ የሚያንፀባርቅ ነው» የሚል መስመር ያስቀምጣል። እናንተም እንዳላችሁ አይቻለሁ። ጥሩ መስመር ናት፤ ስለ አመለካከት ትሠራለች። የሰው ስም ሲጠፋ ግን አሳታሚውን ከተጠያቂነት የምታወጣ አድርገህ አትቁጠራት። ያንን አንቀጽ አውጥታችሁት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትጠሩት እናንተ ነበራችሁ።

አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት የሚያዋርድ ዓረፍተ ነገርም እንደዚሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያስጠይቃል። ለወሎ ሰው አዋጅ መጥቀስም አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ አሕመድና ገብረ ማርያም ወንድማማች ሆነው በሚያድጉበት አገር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማን ላይ እንደሚያርፍ ታውቃለህ። እዚያ ላይ ድርድር የለም።

እንግዲህ አሁን ምን ታደርጋለህ?

ልጁን በአካል አግኘው። በቴሌግራም አይሆንም። ቡና ጋብዘው፣ የላከውን ረቂቅና የታተመውን ይዘህ ሂድ። ሦስቱን ለየብቻ አንሳቸው። «ሁሉን» ያለ ፈቃድህ ጨምሬብሃለሁ፣ ይቅርታ በለው። ከዚያ በኋላ «ግን» አትጨምር፤ ይቅርታው እዚያ ላይ ይብቃ። አይጠየፍን ለምን እንዳረምክ አስረዳው። የተሰረዘውን አንቀጽ በተመለከተ ደግሞ ቁርጡን ንገረው፤ ያለ ማስረጃ አይወጣም። ምናልባት በዓይኑ ያየው ነገር ካለ፣ ያንን ብቻ ሰውየው በማይታወቅበት መንገድ ሊጽፈው ይችል እንደሆነ ጠይቀው። ካልፈለገ ይተወው።

ጽሑፉ በሙሉ ተመልሶ ይውጣ የሚለውን አትቀበል። በሚቀጥለው ዕትም ላይ ግን ግልጽ ማስተካከያ አውጣ። እንዲህ ልትለው ትችላለህ፦ «ባለፈው ዕትም ስለ አሮጌ ቤቶች በወጣው ጽሑፍ ላይ ‹ሁሉ› የሚለው ቃል የጸሐፊው አይደለም፤ የተጨመረው በዝግጅት ክፍሉ ነው። የጸሐፊው ዓረፍተ ነገር ‹አሮጌ ቤት ቅርስ አይደለም› የሚል ነበር። ርዕሱም ‹ይፍረሱ› ነበር። ጸሐፊውንና አንባቢን ይቅርታ እንጠይቃለን።» ይሄው ነው። መጨረሻ ገጽ ጥግ ላይ አትደብቀው፤ የአስተያየት ጽሑፎች የሚወጡበት ገጽ ላይ ይሁን። ካንተ ጋር ተነጋግሮ ከተስማማ ደግሞ ሐሳቡን ይበልጥ አጠንክሮ አዲስ ጽሑፍ ይጻፍ። አንባቢ ሁለት ጊዜ አንድ ጽሑፍ ከሚያነብ ክርክሩ ቢቀጥል ይሻለዋል።

ክርክሩ ሲባል፣ አንተም አሮጌ ቤት ወዳጅ ነህ። ከደብዳቤህ ያስታውቃል። ታዲያ ጻፋ! በራስህ ስም፣ በራስህ ዓምድ። የአማርኛ ጋዜጣ ገና ብዙም ሳይቆይ፣ «ብርሃንና ሰላም» በ1917 መውጣት ሲጀምር፣ የተማሩ ሰዎች ስለ አገሪቱ መሻሻል ሐሳባቸውን የሚያወጡበት መድረክ ሆኖ ነበር። ከዚያ ጀምሮ የቆየ ልማድ አለን። የማትስማማበትን ሐሳብ በሰውየው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቃል እየሸጎጡ መዋጋት ግን ለማንም አይበጅም፤ ላንተም ሐሳብ አይበጅም፤ ሐሳብህ ያንተ ሆኖ አልታየማ። አንድ ነገር ግን ላሳስብህ። መልስህን ከልጁ ጽሑፍ ጋር በአንድ ዕትም፣ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ አታድርገው። አዘጋጅ ጽሑፎችን ከሁሉም ቀድሞ ያያል። ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል ራሱ ከተናገረ ማንም ደፍሮ አይጽፍለትም። አንድ ዕትም አሳልፍ። በጽሑፉ መሀል በቅንፍ «ከአዘጋጁ» እያሉ መግባትም ይቅር።

ለወደፊቱ ደግሞ ጠብ ከመነሳቱ በፊት የተጻፈ ስምምነት ይኑራችሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ጽሑፍ የሚልክ ሰው ሁሉ ከመላኩ በፊት ያንብበው። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ሳይጠየቅ ይታረማል በሉ። ትርጉም የሚነካ ማንኛውም ለውጥ ለጸሐፊው ተመልሶ ይታያል፤ ጸሐፊው በተባለው ቀን ካልመለሰ ጽሑፉ ለሚቀጥለው ዕትም ይተላለፋል እንጂ ሳያየው አይወጣም። ጊዜ አልነበረኝም ያልከኝ ልክ ነው፤ የማተሚያ ቤት ቀጠሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ የአስተያየት ጽሑፍ ሦስት ወር ቢቆይ አይሞትም። ስለ አሮጌ ቤቶች የሚደረገው ክርክር ደሴ ውስጥ ሦስት ወር ቆይቶ አያልቅም።

ለውጡን ለማሳየት ብዙ ድካም የለውም። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ዎርድ ላይ «ትራክ ቼንጅስ» የሚባለውን ክፈተው፤ የጨመርከውም የሰረዝከውም በቀለም ይታያል። አብዛኛው ሰው በስልክ ጽፎ በቴሌግራም እንደሚልክ ግን አውቃለሁ። እንደዚያ ከሆነ የተለወጡትን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ «ድሮ እንዲህ፣ አሁን እንዲህ» ብለህ ላክለት። በስልክ አንብብለት። ጸሐፊ ሲነገረው ከምታስበው በላይ ይስማማል። የሚያስቆጣው ሳይነገረው መቅረቱ ነው።

ፊደል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እናንተ ጋ ችግር እንደሚሆን እገምታለሁ። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ላይ አንድ መጽሔት የራሱን አጻጻፍ መምረጥ ይችላል። የአብነት ትምህርት የተማረ ጸሐፊ ግን «ሠላም» እና «ሰላም» አንድ አይደለም ብሎ ይሟገታችኋል። ያኔ ለሱ ተዉለት፤ ማንንም አይጎዳም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ አነጋገሩ ነው። የወሎ ሰው «አብሽር» ብሎ የጻፈውን «አይዞህ» እያሉ መቀየር እርማት አይደለም። መጽሔታችሁ የአዲስ አበባ መጽሔት ግልባጭ እንድትሆን አትፈልግም። የሰውየው ድምፅ ከጽሑፉ ከወጣ ምን ቀረው?

የብዕር ስም ለሚጠይቃችሁ ፍቀዱ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ በተለይ ሴቶች በስማቸው መጻፍ የሚከብዳቸው ጉዳይ አለ። አንተ ግን ማንነቷን እወቅ። የማታውቀውን ሰው ጽሑፍ አታውጣ።

ነጋዴውን በተመለከተ፣ እርሳቸውም ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ለወጣቶች መጽሔት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ዛሬ ስንት አለ? ሄደህ አመስግናቸው። ከዚያ በትሕትና ንገራቸው፤ ገንዘባቸው ማስታወቂያቸው የሚወጣበትን ገጽ ይገዛል፣ ሌላውን ገጽ አይገዛም። ቅሬታ ካላቸው ደግሞ መጻፍ ይችላሉ። የአሮጌ ቤት ባለቤት ሆነው ከውስጥ ሆነው የሚጽፉት ነገር ከሁላችሁም በላይ ሊነበብ ይችላል። ራሳቸው መጻፍ ካልተመቻቸው ሄደህ ቃላቸውን ተቀበልና አንብበው ሲፈቅዱ አውጣው። «ድጋፌን አቆማለሁ» ካሉ ያቁሙ። ገጽ ቀንሳችሁ ታወጣላችሁ፤ ወይም አንዱን ዕትም በፒዲኤፍ ብቻ ትበትኑታላችሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ጽሑፍ ከከለከላችሁ ሁለተኛውን ለመከልከል ምክንያት አይጠፋም።

የቀረችው የርዕሱ ነገር ናት። በጋዜጣ ሥራ ርዕስ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የዝግጅት ክፍሉ ነው፤ በዜና ላይ ይሄ ያስኬዳል። በአስተያየት ጽሑፍ ላይ ግን ርዕሱ የክርክሩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። ከረዘመ እንዲያሳጥረው ጠይቀው፤ ሌላ ጽሑፍ በዚያ ርዕስ ወጥቶ ከሆነም እንዲቀይረው ንገረው። «ይፍረሱ» ቢያስደነግጥህም የሱ ነበር። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ ርዕሱን ራሱ ያውጣው፤ አንተ ግን ገጹ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አሳየው።